ለሕያዋን የተነፋ ጥሩምባ

የካቲት ሃያ ሰባት ቀን፣ ፀሐይ ከጉብታው ጀርባ ገብታ የሰንበሌጥ ከተማ ጭስ በቤቶቹ ክዳን ላይ መንሳፈፍ ሲጀምር፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አንለይ ውቤ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጥሩምባውን በጨርቅ ይወለውል ነበር። ጥሩምባው መወልወል አላስፈለገውም። በዚያ ሳምንት የሞተ ሰው ስላልነበረ ከግድግዳው አልወረደም፤ አቧራም አልነካውም። ነገር ግን ልቡ የታወከ ሰው እጁን የሚያሳርፍበት ነገር ይሻል፤ አንለይም ያን ምሽት ከጥሩምባው በቀር እጁን የሚያሳርፍበት አጣ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ጥሩምባ የሰንበሌጥን ሙታን ሲያስታውቅ ኖሯል። ጎህ ሊቀድ ሲል ከቤቱ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ከነፋ፣ በየቤቱ ያለው ሰው ትንፋሹን ውጦ የማን ስም እንደሚጠራ ያዳምጣል። የከተማው ቀልደኞች «ጋሽ አንለይ ካልነፋለት ማንም ሞቻለሁ ማለት አይችልም» ይሉ ነበር፤ እሱም ይህን ሲሰማ ይኮራ እንጂ አይቆጣም። ኩራቱ ነው እንግዲህ ጉድ የሠራው። ያን ምሽት ልቡን የሚያኝከውም እሱ ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ፀዳለ፣ ጫማዋ አቧራ ለብሶ፣ መዝገቧን በክንዷ ሥር ሸጉጣ መጥታ ነበር።

«ጋሽ አንለይ፣ ሦስት ቀን ነው የቀረን» አለችው። «የጤና መድን እድሳቱ የካቲት ሠላሳ ይዘጋል። ያላሳደሱት ብዙ ናቸው። መኪናው በድምፅ ማጉያ እኩለ ቀን ላይ ይዞራል፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ሥራው ላይ ነው፤ ማን ይሰማዋል? እርስዎ ግን ንጋት ላይ አንድ ጊዜ ቢነፉ የማይሰማ የለም። ልየው እንኳ አላሳደሰም።»

ልየው ድንጋይ ፈላጭ ነው። የሚጥል ሕመም አለበት፤ ግን በየቀኑ በሚውጠው ኪኒን ሦስት ዓመት ሙሉ አልወደቀም። ለእድሩ መቃብር በሚቆፈርበት ቀን ዶማውን ተሸክሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰውም እሱ ነው።

«የእድሩን ዳኛ ጠይቂ» አላት አንለይ።

«ጠየቅኋቸው። አቶ ሽባባው ‹ጥሩምባው የሞት ነው፤ ለሌላ ነገር ከተነፋ ሞት ይጠራል፤ ደንባችንም አይፈቅድም› አሉኝ።»

«እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ? ከዳኛው ቃል አልወጣም።»

ፀዳለ መዝገቧን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። «ዓምናም ለምኜዎት ነበር፣ ጋሽ አንለይ» ብላ ሄደች።  ከዚያ በላይ መናገር አያስፈልጋትም ነበር፤ ሁለቱም ሙጭትን አስበዋል።

ሙጭት አላምረው የአንለይን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሣች አበልጁ ነበረች። በወፍጮ ቤቱ የሰው እህል ስታበጥር የምትውል፣ ሻሿ ከዱቄት ጠርቶ የማያውቅ፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። ዐሥራ አንድ ዓመት ከስኳር ሕመም ጋር ኖራለች። ሕመሙንም «እንግዳዬ» ትለው ነበር፤ «ምግቡን በሰዓቱ ካላቀረቡለት የሚቆጣ፣ አልሄድም ብሎ የተቀመጠ እንግዳ» እያለች ትቀልድበታለች። መርፌ መድኃኒቷን ሙቀት እንዳያበላሸው በእርጥብ አሸዋ መካከል በተቀበረች ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ታስቀምጠው ነበር፤ አሸዋውንም እንደ ችግኝ ጠዋትና ማታ ውኃ ታጠጣዋለች። በየወሩ የመድን ደብተሯን ይዛ በባዶ ሆዷ ጤና ጣቢያው ደጅ ትሰለፋለች። አንዳንዴ «የለም፣ ከውጭ ግዢ» ትባላለች፤ አንዳንዴም በጥሬ ገንዘብ የሚከፍሉት እንዲቀድሟት ይደረጋል። ቢሆንም በዚያ ደብተር በሕይወት ቆይታለች።

ዓምና በዚሁ በየካቲት ፀዳለ መጥታ ጥሩምባውን እንዲነፋላት ስትለምነው፣ ዳኛውን እንኳ አላማከረም። «ይህ የሞት ጥሩምባ ነው፤ የገበያ ማስታወቂያ መሰለሽ እንዴ? ማይክራፎን አለሽ አይደል!» ብሎ ነበር የመለሳት። መኪናው እኩለ ቀን ላይ ሲዞር ወፍጮው ያጓራ ነበር። ሙጭት አልሰማችም። በመጋቢት ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ስትደርስ «ደብተርሽ አልታደሰም፤ የዘንድሮው ተዘግቷል» አሏት። በዚያው ቀን ወደ አንለይ ቤት መጥታ፣ አንድ ኩባያ ውኃ ጠጥታ፣ «አበልጅ፣ ብትነፋው እኮ እሰማው ነበር! ንጋት ላይ ወፍጮ የለ፣ ምን የለ» ብላ ሳቀች። እሱም አብሯት ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ያ ሳቁ በጆሮው መጥቶ ባቃጨለበት ቁጥር የሚገባበት ቀዳዳ ያጣል።

ያቅሟን ያህል ከውጭ ገዛች። ከዚያ መጠኑን በግማሽ ቀነሰች፤ ከዚያ ቀን እየዘለለች መውሰድ ጀመረች። ለማንም አልተናገረችም፤ ማንም አልጠየቃትም። በሰኔ ዐሥራ አራት ቀን አረፈች። አንለይም ንጋት ላይ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ነፋ፤ ጥሩ አድርጎ ነፋ። ሰንበሌጥ ነጠላውን አዘቅዝቆ ነቅሎ ወጣ። ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከየቤቱ ምግብ ጎረፈ። ሰውም ሁሉ እርስ በርሱ «ምነው ሳንሰማ! ምነው ሳንሰማ!» ይባባል ነበር።

በመስከረም ደግሞ አንለይ ራሱ ውኃ ጠጥቶ አልረካ አለ። ሱሪው በወገቡ ላይ ሰፋ። ጤና ጣቢያ ሲሄድ ስኳር ነው ተባለ፤ ጠዋትና ማታ መርፌ ታዘዘለት። ሚስቱ ጥሩሰው በየዓመቱ ደብተሩን በጊዜው የምታሳድስ ብርቱ ሴት ስለሆነች እሱ መድኃኒት አላጣም። ግን አንድ ቀን መርፌውን ሲረሳ አፉ እንደሚደርቅ፣ ዓይኑ እንደሚደበዝዝ፣ ጉልበቱ እንደሚከዳው በገዛ ገላው አየ። ሙጭት ሦስት ወር ሙሉ እንዴት እንደኖረች ያን ጊዜ ገባው፤ የገባውን ግን ለማንም አልተናገረም።

እነሆ ይህን ሁሉ ሲያወጣና ሲያወርድ መሸ። ጥሩሰው እራቱን በሌማት ከድና፣ ጎረቤት የወለደችን ሴት ልትጠይቅ ስትወጣ «መርፌህን ተወግተህ ወዲያው ብላ፤ ሳትበላ እንዳትተኛ!» ብላው ነበር። መርፌውን ተወጋ። ሌማቱን ከፈተ፤ ምግቡን አየው፤ መልሶ ከደነው። «ትንሽ ጋደም ልበልና እበላለሁ» ብሎ ጥሩምባውን ከራስጌው አስቀምጦ መደቡ ላይ ጋደም አለ። ብዙም ሳይቆይ ላብ አጠመቀው፤ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ የቤቱ ግድግዳም ቀስ እያለ ከፊቱ ራቀ።

«አበልጅ! ተነሥ እንጂ! ሰው በዚህ ሰዓት ይተኛል?»

ዓይኑን ሲገልጥ ሙጭት ከበሩ ቆማለች። ሻሿ በዱቄት ነጥቷል፤ ሰፌዷንም በጎኗ ይዛለች። ሊጮኽ ፈለገ፤ ድምፅ አልነበረውም። ሊስማት ፈለገ፤ አፈረ።

«አትደንግጥ፤ ልወስድህ አልመጣሁም። ላሳይህ ነው የመጣሁት። ጥሩምባህን ያዝ።»

ተከትሏት ወጣ። መንገዱ የሚያውቀው መንገድ አልነበረም፤ ዳር ዳሩ እስከ አድማስ ድረስ በድንኳን የተሞላ ሰፊ አደባባይ ነበር። ድንኳኖቹ እጅግ ያማሩ ነበሩ፤ ጠርዛቸው በጥልፍ የተከበበ፣ ምሰሷቸው የተቀባ፣ በየውስጣቸው እንከን የሌለው አግዳሚ በመስመር የተደረደረበት፣ ጋኑና ድስቱ ከትልቅ እስከ ትንሽ በየተራው የቆመበት ነበር። ከድንኳኖቹ ባሻገር መቃብሮች ከቤት ይልቅ ከፍ ብለውና በእብነ በረድ ተለብጠው ያበራሉ። በድንኳኖቹና በመቃብሮቹ መካከል ግን በየአጥሩ ሥር ሰዎች ተጋድመው ነበር። አንዱ ደረቱን ይዞ ያቃስታል፤ አንዷ ያበጠ እግሯን በቀሚሷ ትሸፍናለች፤ ሌላው ባዶ ብልቃጥ በመዳፉ ደብቆ ይይዛል። ሰዎች በአጠገባቸው እየተጣደፉ ያልፋሉ፤ «እግዜር ይማርህ» ይላሉ፤ የሚቆም ግን የለም።

«ወዴት ነው እንዲህ የሚጣደፉት?» አለ አንለይ።

«ቀብር እንዳያመልጣቸው ነው። የቀረ ይቀጣል።»

«ታዲያ እነዚህን የተጋደሙትን አያዩዋቸውም?»

«ያዩዋቸዋል። ግን ገና አልሞቱማ!» አለች ሙጭት። «በዚህ አገር ሰው ተራው የሚደርሰው ሲሞት ነው።»

ይህን ስትናገር ባዶ ብልቃጥ የያዘው ሰው አንድ ጊዜ ተንፍሶ ዝም አለ። ወዲያው ጥሩምባ ተነፋ፤ የሚጣደፈውም ሕዝብ ሁሉ ተመልሶ በላዩ ወደቀ። ደረት ተደቃ፤ ድንኳን ተተከለ፤ ሰባት ሴቶች በሰባት መሶብ ምግብ ይዘው መጡ። አንድ ሽማግሌም እያለቀሱ «ምነው ሳንሰማ!» አሉ። ቀደም ሲል ሰውየውን በእግራቸው ተሻግረው ያለፉት እሳቸው ነበሩ። አንለይ ፊታቸውን ሲያይ የእድሩ ዳኛ አቶ ሽባባው ሆኑበት።

«ሙጭት፣ ይህ የማን አገር ነው?»

«አላወቅኸውም? ያ ማዶ የሚታየው ምን ቤት ነው?»

ተመለከተ። ወፍጮ ቤቱ ነበር። ጥሩምባ ነፊውም ፊቱን ሲያዞር አንለይ የገዛ ራሱን ፊት አየ። እንባው ያለ ከልካይ ወረደ፤ ሙጭትም እንዲያለቅስ ተወችው፤ አላባበለችውም።

ከዚያ ጠባብ ወንዝ አሻገረችው። ማዶ ሲደርሱ ጎህ ቀደደ። ፀሐይዋ በሸለቆው ላይ ስትወጣ፣ ከፊታቸው ሰንበሌጥ ቆመች፤ ያችው የሚያውቃት ሰንበሌጥ፣ ያው ጠማማው መንገዷ፣ ያው የዛገ ቆርቆሮዋ፣ ያው ጉብታዋ። ወርቅ የተነጠፈባት ከተማ ጠብቆ ስለነበር ጥቂት ቅር አለው። «ይህቺው ናት እንዴ?» ሊል ሲል ግን ጥሩምባ ተነፋ፤ ሰውም ከየቤቱ ወጣ። ነጠላውን ያዘቀዘቀ አልነበረም፤ ያለቀሰም አልነበረም።

«የሰንበሌጥ እድርተኞች!» አለ ጥሩምባ ነፊው። «የወይዘሮ ደብሬ የደም ግፊት ኪኒን የቀረው ለነገ ብቻ ነው። አቶ ገላነህ የትናንት ቀጠሯቸውን አልሄዱም፤ እግራቸውን አሟቸዋል። ተራ ያለህ ውጣ!» ወዲያውም ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ወደ አቶ ገላነህ ቤት ሮጡ። ቃሬዛው እድሩ አስከሬን የሚያወጣበት ነበር።

«ሕመማቸው በአደባባይ ሲነገር አያፍሩም?» ሲል አንለይ በሹክሹክታ ጠየቃት።

«ማስነገር ያልፈለገ አይነገርበትም፤ ጎረቤቱ በጓሮ ገብቶ ያየዋል። በዚህ አገር የሚያሳፍረው ሌላ ነው። የጎረቤቱ መድኃኒት ሲያልቅ ያላወቀ ሰው ለአንድ ወር ቀና ብሎ አይሄድም።»

ወደ ጤና ጣቢያው ገቡ። በግቢው ውስጥ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ ነበር፤ ከሥሩም ተራ ጠባቂዎች በእድሩ አግዳሚ ላይ ከፀሐይ ተጠልለው ተቀምጠዋል። መስኮቱ አንድ ነበር። «የመድን ወዲያ፣ ከፋይ ወዲህ» የሚል ጽሑፍ ፈልጎ አጣ። ደብተር ያላቸውም ገንዘብ የያዙትም በአንድ ሰልፍ ቆመው ስለ ዝናቡ ያወራሉ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሊለይ አልቻለም። ከግቢው ማዕዘን ላይ ደግሞ ጣሪያው ዝቅ ያለ የሣር ጎጆ ነበር፤ በውስጡ ትልልቅ ጋኖች እስከ አንገታቸው በእርጥብ አሸዋ ተቀብረዋል። አንዲት አሮጊት አሸዋውን በጣሳ ውኃ ታጠጣለች። በየጋኖቹም ሆድ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጦች ስም እየተለጠፈባቸው በጨርቅ ተጠቅልለው ተኝተዋል፤ መብራት ቢጠፋም ቢመጣም እነሱ ግድ የላቸውም።

አንለይ አንዱን ጋን ዳሰሰው። «ይህ እኮ የእኛ የእድር ጋን ነው! ለተዝካር ጠላ የምንጠምቅበት!»

«ነው» አለች ሙጭት፣ በእጇ የረጠበውን አሸዋ እየነካካች። «ዘዴው የእኔ ነው፤ አሸዋ ውስጥ የቀበርኳትን ማሰሮዬን ታውቃታለህ አይደል? ከእሷ አይተው ነው የሠሩት። እኔ ከሞትኩ በኋላ መሆኑ ብቻ ነው የሚቆጨኝ።»

አንለይ እጁን ከጋኑ አነሣ። ዞር ብሎ መስኮቱን ማየት ጀመረ። በዚያን ጊዜ አንድ ገበሬ ወረቀቱን ሰጠ፤ መድኃኒት ሰጪውም መደርደሪያውን ቃኝቶ ፊቱ ቀላ። ከመስኮቱ ኋላ ተነሥቶ፣ በሩን ከፍቶ ወጣና፣ ከገበሬው ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ምን ማድረጉ ነው?»

«የገበሬው መድኃኒት አልቋል። በዚህ አገር ‹የለም› ብሎ መስኮት መዝጋት ነውር ነው። ‹የለም› ያለ ሰው ወጥቶ ከበሽተኛው ጋር ይቀመጣል፤ መድኃኒቱ ከየትም ተፈልጎ እስኪመጣ አብሮ ይጠብቃል፤ ቢርበውም አብሮ ይራባል። በመጀመሪያው ዓመት አግዳሚው መድኃኒት ሰጪዎቹን አልበቃ ብሎ ነበር። የወረዳው ኃላፊም አንድ ጊዜ መጥተው ሁለት ቀን ተቀምጠውበታል። ከዚያ ወዲህ መደርደሪያው እምብዛም አይጎድልም።»

አንለይ ሳያስበው ሳቀ። ከሰኔ ወዲህ ከልቡ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ሌላ ጥያቄ ትዝ አለው።

«የመድኑ እድሳትስ? የሚዘጋው መቼ ነው?»

«ሕመም የሚዘጋበት ቀን አለው እንዴ?» አለችው። «ያላሳደሰ ሰው ቤት ይኬዳል። ለምን እንዳላሳደሰ ይጠየቃል፤ አልሰማሁም ካለ የሚወቀሰው ያላሰማው ነው።»

ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። «ማን ነው ይህን ሁሉ የሠራው? የትኛው መንግሥት ነው ያዘዘው?»

«ደብተሩን የሰጠው መንግሥት ነው፤ የቀረውን እነሱው ናቸው። መጀመሪያ ግን አንድ ሰው አፈረ። ከዚያ በፊት የተጀመረ ነገር የለም።»

ማን እንደሆነ ሊጠይቃት ሲል ሌላ መድኃኒት ሰጪ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ስም ጠራ።

«ሙጭት አላምረው!»

ማንም አልተነሣም።

«ሙጭት አላምረው! የመርፌ መድኃኒት!»

አንለይ ሙጭትን ተመለከታት። «አቤት በይ እንጂ! አንቺን እኮ ነው!» አላት። እሷ ግን ሰፌዷን ታቅፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬቱን ታያለች። በድንኳኑ ሥር የነበረው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። «ሙጭት አልመጣችም! ሙጭት ቀርታለች!» የሚል ድምፅ ከአፍ ወደ አፍ ተላለፈ። አሮጊቷ ጣሳዋን ጣለች፤ ገበሬው ወረቀቱን ትቶ ተነሣ፤ ቃሬዛ የያዙትም መጡ። ከዚያም ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንለይ መለሱ። «ንፋው እንጂ! ሳይመሽባት ንፋው! ከተማው ወጥቶ ይፈልጋት!» አሉት።

ጥሩምባውን ከአፉ አስጠጋ። ባለ በሌለ ትንፋሹ ነፋ። ምንም ድምፅ አልወጣም። ጉንጩ እስኪቀደድ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገተር ነፋ። አልወጣም። በጉልበቱ ተንበረከከ።

«እምቢ አለኝ፣ አበልጅ! ምነው እምቢ አለኝ?»

ሙጭት አጠገቡ ቁጢጥ አለች። በዱቄት የነጣ እጇን ትከሻው ላይ አደረገች፤ ክብደት አልነበረውም።

«ለእኔማ ሰኔ ላይ ነፍተህልኛል» አለችው። «ደህና አድርገህ ነው የነፋኸው። እዚያ ድረስ ተሰማኝ። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይነፋም።»

«ይቅር በይኝ። ዓምና አንድ ቀን ብነፋው ኖሮ…»

«እሰማ ነበር» አለች ቶሎ ብላ። «አዎ፣ እሰማ ነበር። ይህን አልዋሽህም። መሞት አልፈለግሁም ነበር፤ ገና ምን አየሁና? ማታ ማታ ብልቃጡን በመብራት አስጠግቼ ምን ያህል እንደቀረው አይ ነበር። አንዳንዴ ወደ ቤትህ መጥቼ ልነግርህ እነሣና እተወዋለሁ፤ ስቄበት ነበርና ተመልሼ ማልቀስ አሳፈረኝ።» ሰፌዷን ወደ ደረቷ ሳበች። ከዚያ «ይቅርታህን ግን በእኔ ላይ አትጨርሰው፤ ለእኔ ምንም አያደርግልኝም። ልየው ቤት ውሰደው» አለች።

«ደንቡስ? ዳኛውስ?»

«አቶ ሽባባው ይቆጣሉ። ይቆጡ! እኔ በእሳቸው ቁጣ የሞትኩ መሰለህ? በዝምታ ነው የሞትኩት። በል አሁን አፍህን ክፈት።»

«ምን አልሽ?»

«አፍህን ክፈት! ዋጠው! ዋጠው እንጂ አንተ ሰው!»

ጣፋጭ ነገር በምላሱ ላይ ፈሰሰ። ዋጠ። እንደገና ፈሰሰ፤ እንደገና ዋጠ። ጎጆው፣ ጋኖቹና ድንኳኑ እየራቁ ሄደው የገዛ ቤቱ ግድግዳ ተመለሰ። ጥሩሰው ጭንቅላቱን በክንዷ ደግፋ፣ በኩባያ የተበጠበጠ ስኳር በከንፈሩ ታጠጣዋለች፤ እንባዋም በግንባሩ ላይ ይንጠባጠባል።

«ሳትበላ እንዳትተኛ አላልኩህም? አላልኩህም? መርፌውን ተወግተህ እራቱን እንደ ከደንኩት ተውኸው! ስገባ ላብህ መደቡን አርሶታል፤ ብጠራህ አትሰማም! እኔ ብዘገይ ምን ልትሆን ነበር?»

«ሙጭትን አየኋት» አላት።

«ስኳርህ ወርዶ ነው። ነርሱ ነግሮናል እኮ፤ ሲወርድ ያስቃዣል።»

«ይሁን፤ ስኳር ይሁን። ግን አየኋት፣ ጥሩሰው። አሸዋ ውስጥ የተቀበሩ ጋኖች አየሁ፤ ‹የለም› ያለ ሰው ከበሽተኛ ጋር ሲቀመጥ አየሁ። ጥሩምባውን ለሕያዋን ሲነፉት አየሁ።» ከዚያም ያየውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። ዓምና ፀዳለን ምን ብሎ እንደመለሳት፣ ሙጭት ውኃ ጠጥታ ስትስቅ እንዴት አብሯት እንደሳቀ፣ ይህንንም ለመጀመሪያ ጊዜ ነገራት። ጥሩሰው ሰምታ ስታበቃ ሌማቱን ሳበች። እራቱን አቅርባለትም «ብላ» አለች። «ለመንፋት ትንፋሽ ያስፈልግሃል።»

ጎህ ሊቀድ ሲል አንለይ ጋቢውን ደርቦ ወጣ። ከአቶ ሽባባው ደጅ ፊት ለፊት ቆሞ ጥሩምባውን ከአፉ ሲያስጠጋ ትንፋሹ እንደ ሕልሙ ይከዳው እንደሆነ ፈርቶ ነበር። አልከዳውም። ሦስት ጊዜ ነፋ። በሮች ተንኳኩ፤ መብራቶች በሩ፤ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቅ ብቅ አሉ። አቶ ሽባባው ኩታቸውን ሳያስተካክሉ ወጡ።

«ማን ነው የሞተው?»

«እስካሁን ማንም አልሞተም፣ አቶ ሽባባው።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው የምትነፋው? አብደሃል?»

«የሰንበሌጥ እድርተኞች!» ብሎ አንለይ ድምፁን ከፍ አደረገ። «የጤና መድን እድሳት ዛሬን ጨምሮ ሦስት ቀን ቀርቶታል! የዘንድሮው ከተዘጋ የሚከፈተው በዓመቱ ነው። ሕመምተኛ ያለህ አሳድስ! ጎረቤትህ ሕመምተኛ ከሆነ አንኳኳበት! ሙጭት አላምረው ዓምና ያላሳደሰችው እኔ እምቢ ብዬ ስላልነፋሁላት ነው። የሞተችውም በዚያ ነው። ይህን ያልሰማ ይስማ!»

ሴቶቹ ያዘቀዘቁትን ነጠላ መለሱ። አቶ ሽባባው ኩታቸውን አስተካከሉ። «ከእድሩ ትባረራለህ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ግን እንደ ልማዱ አልጠነከረም።

«እሺ» አላቸው። «እስክባረር ግን ያየሁትን በየሰፈሩ ልንገር።»

በወፍጮ ቤቱ በኩል አለፈ። በሩ ገና ተቆልፎ ነበር፤ ደፉ በዱቄት ነጥቷል። ሊነፋ ቆመና ተወው። ጥሩምባውን ወደ ደረቱ አስጠግቶ፣ ቁልፉን እያየ፣ ሰው ሳያየው ጥቂት አለቀሰ። ከዚያ አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ወደ ድንጋይ ፈላጮቹ ሰፈር ወጣ።

ልየው ጥሩምባውን ሰምቶ ለባብሶ ነበር። እንደ ልማዱ ዶማውን በትከሻው አድርጎ እየተጣደፈ ከአጥሩ ሲወጣ ከአንለይ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ።

«ጋሼ፣ ማን ሞተ? የማንን ጉድጓድ ነው የምንቆፍረው?»

አንለይ ዶማውን ከትከሻው ቀስ ብሎ አወረደለትና ከአጥሩ ጋር አስደገፈው።

«ያንተን ነበር» አለው። «ግባና የመድን ደብተርህን ይዘህ ና፤ አብረን እንሄዳለን።»

ልየው ለጥቂት ጊዜ ዶማውንና ጥሩምባውን እያፈራረቀ አየ። ከዚያ ደብተሩን ሊፈልግ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ አንለይም ከደጁ ቆሞ ጠበቀው።